በአንድ ገንዳ የሚያድሩ ዓሦች እንዴት ይመረጣሉ?

በሳይንስ ክፍሉ መስኮት አጠገብ የተቀመጠውን የመስታወት ገንዳ የማያውቅ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። ከቁርስ መልስ ቆም ብሎ ያላየው፣ «አይንኩ» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ጣቱን መስታወቱ ላይ ያላሳረፈ ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ገንዳ ውስጥ የሆነውን ግን ሁሉም በትክክል አያውቀውም፤ አውቃለሁ የሚለውም ቢሆን የሰማው በወሬ ነው። እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ነገሩን ከነስሕተታችን በዚህ ገጽ ለማቅረብ የወሰንነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት «የዓሣ ገንዳ እንሥራ» የምንል ብዙዎች ስለሆንን፣ ዓሣ ከዓሣ ጋር የሚኖርበትና የማይኖርበት ምክንያት አስቀድሞ ሊገባን ይገባል። ሁለተኛው ምክንያት ወደ ታች ይመጣል፤ እሱ ዓሣን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ገንዳው ዕቃ ቤት ውስጥ ባዶውን ተቀምጦ የነበረ ነው። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሦስቱ ሲባዙ 112,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 112 ሊትር ይሆናል። ከሥሩ የሚነጠፈው አሸዋና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ ውሃው ከ90 ሊትር ብዙም አይበልጥም። ገንዘብ አዋጣን፤ ሁለት አባላት መርጠን ገበያ ላክን። ይዘው የመጡት ዐሥራ አምስት ኒዮን ቴትራ፣ ሁለት ኤንጅልፊሽና አንድ ጎልድፊሽ ነበር። መምረጫው ምን ነበር ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ማማር! ኒዮን ቴትራ በጎኗ ሰማያዊ መስመር የሚያበራ፣ ወደ ጭራዋ ቀይ የሆነች፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የምትደርስ ትንሽ ዓሣ ናት። ኤንጅልፊሽ ከጎን ሲያዩት ሰፊ፣ ከፊት ሲያዩት እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ሲመጡ ከአንድ የሃምሳ ሳንቲም ሽልንግ አይበልጡም ነበር። ጎልድፊሹም ያው እንደምናውቀው ወርቅማ ነው። ሲገቡ አጨበጨብን።

ወሩ ጥቅምት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ኒዮኖች ሞተው ተንሳፈፉ። አዘንን፣ ቀበርናቸው፣ ዐሥራ ሁለቱ ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሰላም ሆነ። በግንቦት መጀመሪያ ግን ቆጠራው ዐሥራ አንድ አለ። በሳምንቱ ዘጠኝ። ከዚያም እየቀነሰ ሄደ። ልብ በሉ፣ በዚህኛው ጊዜ አንድም የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አላገኘንም። ክዳኑ ስለሚከደን ድመት ነው እንዳይባል ድመት ክዳን አንሥታ መልሳ አትከድንም። እዚህ ላይ ነው ያጠፋነው። ከመካከላችን አንዱ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አለ፤ ሌሎቻችንም «ዝም በል» አላልነውም። ቁልፉ የነበረው በቤተ ሙከራው ጠባቂ በጋሼ እጅ ነበር። እሳቸውም ሰምተው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጆቼ፣ እኔ የጣት ያህል ዓሣ ምን ይሠራልኛል?» ብለው ወጡ። ለአራት ቀን ወደ ሳይንስ ክፍሉ አልገቡም።

በአምስተኛው ሌሊት ሁለት ልጆች ባትሪያቸውን በቀይ ወረቀት ሸፍነው ገንዳው አጠገብ አደሩ። ኒዮን ቴትራ ሌሊት ቀለሟ ይደበዝዛል፤ ቅጠል ሥር ፈዝዛ ትቆማለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ትልቁ ኤንጅልፊሽ ቀስ ብሎ ተጠጋና አንዷን በአንድ ጉርሻ ዋጣት። ጭራዋ ለጥቂት ጊዜ ከአፉ ወጥቶ ታየ፤ ከዚያ ምንም አልቀረም። ኤንጅልፊሹ በሰባት ወር ውስጥ መዳፍ አክሎ ነበር፤ እኛ ግን በየቀኑ ስለምናየው ማደጉን አላስተዋልነውም።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን ወደ ትምህርቱ እንግባ። በገንዳችን ሁለት ዓይነት መጥፋት ደርሷል። በጥቅምቱ ሬሳ ነበረ፣ በግንቦቱ ሬሳ አልነበረም። የመጀመሪያው የውሃው ጥፋት ነው፣ ሁለተኛው የአፍ። (በርግጥ የሞተ ዓሣ በሌሎቹ ተበልቶ ሊጠፋም ይችላል፤ ስለዚህ ሬሳ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማደር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።)

ስለ ውሃው እንጀምር። ዓሣ በስንጥቡ አማካይነት ኦክስጅን ሲወስድ በዚያው በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድርም ሲበሰብስ አሞኒያ ይጨምራል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በሐይቅና በወንዝ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነና ባክቴሪያዎች ስለሚሠሩበት አይከማችም። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚያ ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡም። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ናይትሬት እጅግ ካልበዛ ብዙም አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ ተራብተው ሥራቸውን በደንብ እስኪይዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እኛ ግን ውሃውን ሰኞ ሞልተን ዐሥራ ስምንት ዓሣ ማክሰኞ ጨመርንበት። ሦስት ብቻ መሞታቸው ዕድላችን ነው።

በመሆኑም ገንዳ የሚሠራ ሰው ለአንድ ወር ያህል በትዕግሥት ውሃውን ያዘጋጅ፤ ማጣሪያው ይሥራ፣ ጥቂት ምግብ እየተበተነ ባክቴሪያው ይመገብ፣ ከዚያ ሦስት አራት ጠንካራ ዓሣ ብቻ ይግባ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን በባልዲ ተቀድቶ ክፍቱን ይደር። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጎ ማጠብ ንጽሕና ይመስላል፤ ነገር ግን ያን ያህል ጊዜ የጠበቅናቸውን ባክቴሪያዎች መግደል ስለሆነ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ለቅለቅ ይደረግ። በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አምስተኛ ያህሉን መለወጥ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ከአብሮ መኖር ጋር ምን አገናኘው? የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው እንዲህ ነው። በአንድ ገንዳ ያሉ ዓሦች መጀመሪያ የሚካፈሉት ውሃውን ነው፤ አንድ ውሃ ደግሞ አንድ ሙቀትና አንድ ጠባይ ብቻ አለው። ጎልድፊሽ ከቻይና የመጣ፣ ሰው ከሺህ ዓመት በላይ ያረባው የካርፕ ዘመድ ነው፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይስማማዋል። ኤንጅልፊሽ የአማዞን ወንዝ ዓሣ ስለሆነ ከ24 እስከ 28 ይፈልጋል። እኛ ማሞቂያውን 26 ላይ ስናደርገው ጎልድፊሹ ላይኛው ውሃ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። «ሲያናግረን ነው» ብለን የሳቅን ነበርን። አየር አጥሮት ነበር!

በዚህ ላይ የአገራችንን ደጋ ቦታዎች የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ፤ በውጭ አገር የሚጻፉት መጻሕፍት ብዙም አያነሡትም። በባሕር ወለል ደረጃ 25 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ግን የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ ያው ውሃ የሚይዘው 6.2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ «በዚህ መጠን ገንዳ ሠላሳ ዓሣ ይኖራል» ቢል፣ ደጋ ላይ ያለ መምህር ቁጥሩን መቀነስና የአየር ፓምፑን ማብዛት አለበት። መብራት ሲጠፋም መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። ያን ጊዜ ምግብ አይጨመር፤ በማንቆርቆሪያ ወይም በጆግ ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል፤ ገንዳውንም በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ያቆያል።

ሌላው የውሃ ጠባይ የኖራ መጠኑና ፒኤቹ ነው። ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣበት ውሃ ለስላሳ፣ አረፋ እንቢ የሚልበት ደግሞ ኖራ የበዛበት ነው፤ ይህን በሙከራ ብልቃጥ ማሳየት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ግሩም ትምህርት ይሆናል። ኒዮን ቴትራ በተፈጥሮዋ ለስላሳና ጥቂት አሲድነት ባለው ውሃ የምትኖር ናት። ጉፒ፣ ፕላቲና ሞሊ ግን ኖራ ያለበትን፣ ፒኤቹ ከ7 እስከ 8 የሆነውን ይመርጣሉ። የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ከ8 በላይ የሆነውንም ይወዳሉ። በእርባታ ጣቢያ የተፈለፈሉ ዓሦች ከዘመዶቻቸው ይልቅ ይታገሣሉ፤ ቢሆንም ድንገተኛ ለውጥ ይገድላቸዋል። አዲስ ዓሣ ከነፌስታሉ ለሃያ ደቂቃ ገንዳው ላይ ተንሳፍፎ፣ የገንዳው ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ተጨምሮበት የሚለቀቀው ለዚህ ነው።

አሁን የእኛን ስሕተት በደንብ ልብ በሉልን። ኒዮንና ኤንጅልፊሽ ሁለቱም የአማዞን አገር ዓሦች ናቸው። የሚፈልጉት ሙቀት ይቀራረባል፣ የሚፈልጉት ውሃም ይመሳሰላል። ከመካከላችን መጽሐፍ ያገላበጠው ልጅ «ያገር ልጆች ናቸው፣ ይስማማሉ» ብሎን ነበር። ከአንድ ወንዝ መምጣት ግን የሚያስረዳው ውሃውን ብቻ ነው። በወንዙ ውስጥ አንዱ ሌላውን ሲበላ ኖሯል እኮ! ነብርና ሚዳቋም ያገር ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ አፍን ይመለከታል። አብዛኛው ዓሣ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል፤ በዚህ ክፋት የለበትም። ልኩ መታየት ያለበት ዓሣው ዛሬ ስንት ነው በሚል ሳይሆን ሲያድግ ስንት ይሆናል በሚል ነው። ገበያ የሚቀርቡት በአብዛኛው ጫጩቶች ናቸው። ኤንጅልፊሽ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ኦስካር የሚባለው፣ ልጆች በጣም የሚወዱት ዓሣ፣ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጎልድፊሽም በትንሽ ሳህን ውስጥ ስለሚታይ ትንሽ ዓሣ ይመስላል እንጂ ሰፊ ቦታ ካገኘ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል።

ስለ ልክ ከተነሣ አይቀር፣ «ለአንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ አንድ ሊትር ውሃ» የሚለውን ልማድ ሒሳብ ለሚያስተምሩ እንተውላቸው። ቅርጻቸው አንድ የሆነ ሁለት ዓሦች ብንወስድ፣ አንዱ 3 ሌላው 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ርዝመቱ 5 ጊዜ ይበልጣል፤ ክብደቱ ግን 5 በ5 በ5፣ ማለትም 125 ጊዜ ነው። አንድ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ዓሣ ከአምስት ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ዓሦች ጋር እኩል ይመገባል፣ እኩል ያቆሽሻል ማለት ከቶ አይቻልም። ልማዱ ለትናንሽና ለቀጫጭን ዓሦች እንደ ግምት ያገለግላል፤ ከዚያ ውጭ ያሳስታል።

ጠባይን በሚመለከት አጭር እንበል። ቤታ የተባለው የታይላንድ ዓሣ ወንዱ ወንድ አይቶ አይምርም፤ ሁለት ወንድ ቤታ በአንድ ገንዳ ማስገባት ማደባደብ ነው። ረጅም ባለቀለም ጭራ ያለው ወንድ ጉፒም ቤታን የመሰለ ስለሚመስለው ይነክሰዋል። ታይገር ባርብ ቁጥሩ ሲያንስ የሌሎችን ክንፍና ጭራ ይቆነጥራል፤ ስምንትና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን እርስ በርሱ ስለሚሯሯጥ ሌላውን ይተዋል፤ ይህም ሆኖ ረጅም ክንፍ ካለው ዓሣ ጋር አያስፈልግም። እንቁላል የጣሉ ኤንጅልፊሾች ደግሞ በወላጅነት ጊዜያቸው ግማሹን ገንዳ የግላቸው ያደርጉታል። በሌላ በኩል ብቸኝነትም አለመስማማት ነው። ኒዮን፣ ዜብራ ዳኒዮና ኮሪዶራስ በመንጋ የሚኖሩ ስለሆኑ ከስድስት በታች አይገዙም። አንዲት ኒዮን ብቻዋን ከሌሎች ሰላማውያን ጋር ብትገባ ማንም ሳይነካት ጥግ ይዛ ትመነምናለች።

ጉፒን ለብቻው እናንሣ፤ ምክንያቱም ለክፍል ውስጥ ትምህርት ከእሱ የተሻለ ዓሣ በቀላሉ አይገኝም። ስሙን ያገኘው ሮበርት ጉፒ ከተባለው ሰው ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1866 ከትሪኒዳድ ደሴት ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ናሙና ላከ። እንቁላል ጥሎ አይሄድም፤ ጫጩቶቹን ሕያው አድርጎ ይወልዳል፤ ያውም በየአራት ሳምንቱ ገደማ። ሴቷ የወንዱን ዘር በሰውነቷ አቆይታ ወንድ ሳይኖር እንኳ ለብዙ ወራት ልትወልድ ትችላለች። ወንዱ ሴቷን ያለ ዕረፍት ስለሚያባርር ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት መመደብ ይገባል። ወላጆቹ ጫጩቶቹን ይበላሉ፤ ቅጠላ ቅጠል ከበዛ ጥቂቶቹ ተደብቀው ይድናሉ። ተማሪዎች «እናቷ ልጆቿን በላች!» ብለው ሲጮሁ መምህሩ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው። እኛ በማስተማር ልምምድ ጊዜ ይህ ጥያቄ መጥቶብን ላብ አጥምቆናል።

አራተኛው ነጥብ ቦታ ነው። አሠልጣኛችን ይህን ሲያስረዱን የጠቀሱት የዓሣ ሳይሆን የፓራሜሲየም ሙከራ ነበር። ጋውዘ የተባለው የሶቪየት ሳይንቲስት በ1930ዎቹ ሁለት የፓራሜሲየም ዓይነቶችን በአንድ ብልቃጥ ቢያኖር አንዱ ሌላውን አጠፋው፤ የሚበሉት ምግብና የሚኖሩበት ቦታ አንድ ስለነበረ ነው። ሌላ ዓይነት ቢያጣምር ግን አንዱ ከላይ የሚንሳፈፈውን ባክቴሪያ፣ ሌላው ከሥር የተዘቀዘቀውን እርሾ እየበሉ አብረው ኖሩ። በገንዳ ውስጥ ምግቡን የምንሰጠው እኛ ስለሆንን ነገሩ እንደዚያ የከፋ አይሆንም። ቢሆንም ዜብራ ዳኒዮ ከላይና ከመካከል፣ ኒዮን ከመካከል፣ ኮሪዶራስ ከሥር ቢሆኑ መጋፋት ይቀንሳል። ኮሪዶራስን «ጽዳት ሠራተኛ» ብሎ የሌሎቹን እዳሪ ይበላል ማለት ግን ስሕተት ነው። እሱም የራሱ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ወደ ሥር የሚሰጥም ካልተጣለለት ይራባል። ሪዙ ስስ ስለሆነ ሹል ጠጠር ይጎዳዋል፤ ደቃቅ አሸዋ ይነጠፍለት።

ይህንኑ መከፋፈል በትልቁ ለማየት የሚፈልግ ጣና ሐይቅን ያስብ። በጣና ወደ 15 የሚሆኑ፣ እዚያው ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ የቢልጫ ወገን ዓሦች አሉ። ከእነሱ 8 ያህሉ በዋናነት ሌላ ዓሣ አዳኞች ሲሆኑ የቀሩት ቀንድ አውጣ፣ ነፍሳት፣ ዕፅዋትና የመሳሰለውን ይመገባሉ። አብረው መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። የተባረረ ዓሣ የሚሸሽበት አለው። በ80 ሴንቲ ሜትር መስታወት ውስጥ የተባረረ ዓሣ የት ይሄዳል?

ከባሕር ዳር፣ ከዝዋይና ከሐዋሳ አካባቢ የመጣን ሠልጣኞች የቆሮሶና የአምባዛ ጫጩት እናምጣ ማለታችን አልቀረም። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የአገርን ዓሣ ማሳየት ከውጭው ይቀድማል። ነገር ግን ቆሮሶ ከጉፒና ከኒዮን ጋር አይቀላቀል። ቶሎ ያድጋል፤ ሲጎረምስ አሸዋውን ቆፍሮ የራሱን ክልል ይይዛል፣ የተተከለውንም ቅጠል ይነቅላል። ለብቻው ከሆነ ግን ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስትጠብቅ ማየት ይቻላል፤ ይህም ትልቅ ትምህርት ነው። አምባዛ አየርም ስለሚተነፍስ አይሞትም፣ ሁሉን ስለሚበላ አይራብም፣ ክዳኑን ገፍቶ ወጥቶም ወለል ላይ ይገኛል። ሲያድግ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ከእሱ ጋር የሚያድር ሌላ ዓሣ ባይፈለግ ይሻላል።

ከገንዳ የተረፈ ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አይለቀቅም። እዚህ ላይ ርኅራኄ ያሳስታል። በ1950ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ የተጨመረው ናይል ፐርች እስከ 1980ዎቹ ድረስ እዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩ ብዙ ትናንሽ ዓሦችን ጨርሷል። ጉፒም ትንሽ ነው ብለን እንዳንንቀው፤ በብዙ አገሮች ተለቅቆ የአገሬውን ዓሣ ተጋፍቷል። የተረፈ ዓሣ ገንዳ ላለው ሰው ይሰጣል፤ የማይሰጥ ከሆነም መጀመሪያውኑ አይገዛም።

ለልምምድ ያህል ይህን እንሞክር። አንድ መምህር 60 ሊትር ገንዳ፣ 25 ዲግሪ የሚያሞቅ ማሞቂያና ሳሙና አረፋ እንቢ የሚልበት ውሃ አለው። ገበያው ላይ ያገኘው ጉፒ፣ ፕላቲ፣ ወንድ ቤታ፣ ጎልድፊሽና ኒዮን ነው። የትኞቹን ይግዛ? በውሃው ብንጀምር ጎልድፊሽ በሙቀቱ፣ ኒዮን በኖራው ይወጣሉ። በጠባይ ቤታ ከጉፒ ጋር አይሆንም። የቀሩት ጉፒና ፕላቲ ናቸው፤ ሁለቱም ሰላማውያን፣ ሁለቱም የሚወልዱ፣ በልክም ተቀራራቢ። አንድ ወንድና ሦስት ሴት ጉፒ፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ፕላቲ ይበቁታል፤ በሦስት ወር ውስጥ ቁጥሩን እነሱ ይጨምሩለታል። ማሞቂያ በሌለበት ብርድ አገር ደግሞ፣ ከተገኘ፣ ከ14 እስከ 22 ዲግሪ የሚስማማው የቻይናው ነጭ ደመና ዓሣ አለ። የሳይንስ ስሙ «የታን ዓሣ» ማለት ሲሆን፣ ታን በደቡብ ቻይና ነጭ ደመና በሚባል ተራራ ላይ ዓሣውን ያገኘ የቦይ ስካውት መሪ ነበር።

ወደ ራሳችን ገንዳ እንመለስ። ኤንጅልፊሾቹን ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ሰጠን። ጎልድፊሹ በግቢው ጥላ ሥር በተቀበረው በርሜል ውስጥ ማሞቂያ ሳይኖረው ይኖራል፤ ውሃ ላይ ወጥቶ «ማናገሩን» ትቷል። ሰባቱ ኒዮኖች ባሉበት ሆነው፣ ሙቀቱን ወደ 23 ዝቅ አድርገን፣ ስምንት ዜብራ ዳኒዮና ስድስት ነጠብጣብ ኮሪዶራስ ጨመርን። አዲሶቹን ግን ቀጥታ አላስገባንም፤ ለሦስት ሳምንት በሌላ ባልዲ አቆይተን በሽታ አለመኖሩን አይተን ነው። አንድ ያልጠበቅነው ነገር አለ፤ ዳኒዮዎቹ ቀልጣፎች ስለሆኑ ምግቡን ኒዮኖቹ ሳይደርሱ ይጨርሱታል። በአሁኑ ጊዜ ምግቡን በገንዳው ሁለት ጫፍ በአንድ ጊዜ እንበትናለን፤ በዚህም ኒዮኖቹ ድርሻቸውን ማግኘት ጀምረዋል።

ሁለተኛው ምክንያታችን ይህ ነው። ጋሼን በቃል ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ እሳቸውም «ልጅ ያጠፋል» ብለው አልፈውታል። ነገር ግን «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» የተባለው በሰው ፊት ስለነበር፣ ወሬውም ከሳይንስ ክፍሉ አልፎ እስከ ወጥ ቤት ስለደረሰ፣ ይቅርታውም ሁሉ በሚያነበው በዚህ ግድግዳ ላይ መሆን አለበት ብለናል። ከገንዳው አንድም ዓሣ ያጎደሉ እሳቸው አይደሉም። ያጎደልነው ያለ ዕውቀት የመረጥነው እኛ ነን። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን።

ከገንዳው ጎን የተንጠለጠለው ሰማያዊ ደብተር የቆጠራ ደብተር ነው። የቆጠራው ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ነው። የውሃው ሙቀት፣ የዓሦቹ ቁጥር በየዓይነቱ፣ የተለወጠ ውሃ ካለ መጠኑ ይጻፍበታል። ደብተሩን የሚይዙት ጋሼ ናቸው፤ ተረኛ ሠልጣኝ ከእሳቸው ጋር ቆጥሮ ይፈርማል። በዚህ ሳምንት ሰኞ በእሳቸው እጅ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ ኒዮን 7፣ ዳኒዮ 8፣ ኮሪዶራስ 6፣ ሙቀት 23።